ደም ከመስቀላችሁ በፊት፦ ስህተት የሚገባባቸውን በሮች እንዴት እንዝጋ

ደም ሊሰጠው የተዘጋጀ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «በሽታ የለበትም አይደል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተለገሰ ደም ሁሉ ቢያንስ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ መመርመር አለበት። ምርመራው በአግባቡ በሚሠራበት ቦታ ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው። የተመረመረ፣ ንጹሕ፣ በደንብ የተቀመጠ ደም ለማይሆነው ሰው ሲሰቀል።

ይህን የምጽፈው ዋርድ ውስጥ ደም ለሚሰቅሉ፣ በተለይ ሥራውን ገና ለጀመሩ ባልደረቦቼ ነው። አስታማሚዎችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። አልጋው አጠገብ ከእኛ የበለጠ የምትቆዩት እናንተ ናችሁ።

ስህተቱ ለምን እንዲህ ይከፋል?

የደም ዓይነቱ ኦ የሆነ ሰው የኤንም የቢንም ደም የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች) በፕላዝማው፣ ማለትም በደሙ ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። በሕይወቱ ደም ወስዶ ላያውቅ ይችላል። አንቲቦዲዎቹ ግን ቀድመው አሉ። የኤ ደም ሲገባበት ቀይ ሕዋሶቹ እዚያው ደም ሥሩ ውስጥ ይፈርሳሉ። ከውስጣቸው የወጣው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው ቀዩ ፕሮቲን) በሽንት ይወርዳል። ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ደሙም መርጋት ያቅተዋል። ለዚህ ሁሉ ሙሉ ከረጢት መግባት አያስፈልግም። 30 ሚሊ ሊትር እንኳ ሰው ሊገድል ይችላል።

በ1667 እ.ኤ.አ. ዣን ባቲስት ደኒ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለአንድ ሰው የጥጃ ደም ሰጠ። በሁለተኛው ጊዜ ሰውዬውን ላብ አጠመቀው፣ ወገቡን አመመው። ሽንቱ የጭስ ማውጫ ጥላሸት የተቀላቀለበት ይመስል ጠቆረ። የሰው ደም እንኳ ከሰው ደም ጋር ለምን እንደሚጣላ የታወቀው ግን በ1901 ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ከለየ በኋላ ነው። ላቡን፣ የወገብ ሕመሙንና የጠቆረውን ሽንት ያዙልኝ። ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

አንድ፦ ደሙ በእርግጥ ያስፈልጋል?

የተረጋጋና ደም የማይፈሰው አዋቂ ታካሚ ሄሞግሎቢኑ ከ7 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ካልወረደ አብዛኛውን ጊዜ ደም አያስፈልገውም። የልብ ሕመም ካለበት ገደቡ ወደ 8 ከፍ ይላል። ችግሩ የብረት እጥረት ከሆነና ጊዜ ካለ ሕክምናው ብረት ነው። አንድ ከረጢት ቀይ የደም ሕዋስ የአዋቂን ሄሞግሎቢን በ1 ግራም ገደማ ያሳድጋል። ስለዚህ አንዱ ይሰጥና ታካሚው እንደገና ይታይ። «ሁለት ይሰቀል» ተብሎ በልማድ የሚታዘዘው ነገር ቢቀር ደስ ይለኛል። ውሳኔው የሐኪሙ ቢሆንም «ዶክተር፣ ሁለተኛው ከመሰቀሉ በፊት ሄሞግሎቢኑን እንየው?» ብሎ መጠየቅ የነርስ መብት ነው።

ታካሚው ለምን ደም እንደሚወስድ፣ ምን ጥቅምና ምን ስጋት እንዳለው ይነገረው፣ ፈቃዱም ይጠየቅ። ከዚህ በፊት ደም ወስዶ ያውቅ እንደሆነ፣ ያኔ ምን እንደተሰማው ጠይቁት። ሴት ከሆነች ስለ እርግዝናም ጠይቁ። ደም መውሰድም ሆነ ማርገዝ አዲስ አንቲቦዲ ትቶ ሊያልፍ ይችላል።

ሁለት፦ ናሙናውን መውሰድ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ቆዩ። ብዙ ሰው አደጋው ደሙ ሲሰቀል የሚጀምር ይመስለዋል። ስህተቱ ግን ከዚያ ብዙ ሰዓት ቀድሞ በአንዲት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል።

ከዓመታት በፊት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ለሁለት ታካሚዎች ክሮስማች (የሚሰጠው ደም ከታካሚው ደም ጋር መስማማቱን የሚያሳይ ምርመራ) ታዘዘ። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሁለቱም ቱቦዎች ላይ ጠረጴዛዬ ጋ ሆኜ ስም ጻፍኩና በአንድ ትሪ ይዤ ገባሁ። የመጀመሪያዋን ልቀዳ ስል ከወዲያኛው ጥግ ሌላ ታካሚ ጠራኝ። ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ሁለቱንም ቀዳሁ፣ ላክሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የላብራቶሪው ባልደረባዬ ደወለ። «ይቺ ሴትዮ ባለፈው ስትተኛ ኦ ነበረች። ዛሬ ቢ ሆናለች» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ እጄ ቀዘቀዘ። ቱቦዎቹን አቀያይሬያቸው ነበር።

ሴትየዋ ከዚያ በፊት ተኝታ የደም ዓይነቷ መዝገብ ላይ ባይኖር ኖሮ የሚያስቆመኝ ነገር አልነበረም። ክሮስማቹም አያድናትም ነበር። ላብራቶሪው የሚያስተያየው ቱቦው ውስጥ ካለው ደም ጋር ነው። ቱቦው የሌላ ሰው ከሆነ ውጤቱ «ይስማማል» ይላል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ባዶ ቱቦ ላይ ስም ጽፌ አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ታካሚ ብቻ ሂዱ። ስሙን ራሱ እንዲናገር ጠይቁት፣ ከዚያ እጁ ላይ ከታሰረው መለያና ከጥያቄ ወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ቅዱ። ከአልጋው ሳትርቁ፣ የቀዳው ሰው ራሱ በእጁ ቱቦው ላይ ይጻፍ፦ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ፊርማ። በመሐል ሰው ቢጠራችሁ «ይቺን ልጨርስ» በሉ። የግድ መሄድ ካለባችሁ ያልተጻፈበትን ቱቦ ጣሉትና ስትመለሱ እንደ አዲስ ቅዱ። ታካሚው እንደገና መወጋቱ ያሳዝናል፣ ግን ይሻለዋል።

የደም ዓይነቱ ከዚህ በፊት ያልተመዘገበ ታካሚ ከሆነ ሁለተኛ ናሙና በሌላ ሰዓት፣ ቢቻል በሌላ ሰው ይወሰድ። በአንድ ወግታ ሁለት ቱቦ ሞልቶ አንዱን ኪስ ውስጥ አቆይቶ መላክ ማታለል ነው። የመጀመሪያው ስህተት ከሆነ ሁለተኛውም ያው ስህተት ነው።

ራሱን ስቶ የመጣ፣ ስሙ የማይታወቅ ታካሚ የራሱ የሆነ ጊዜያዊ ቁጥር እጁ ላይ ይታሰርለት። ከአንድ የመኪና አደጋ ሁለት «ያልታወቀ ወንድ» ሊመጡ ይችላሉ። የሚለያቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። የደም ዓይነቱ ሳይታወቅ በአስቸኳይ የኦ ደም የሚሰጠው ከሆነም ናሙናው ደሙ ከመግባቱ በፊት ይቀዳ።

ሦስት፦ ደሙ ሳይመጣ ዝግጅቱን መጨረስ

ብዙ ዋርድ ውስጥ የማየው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ደሙ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ደም ሥር ይፈለጋል። ከረጢቱ ከፍሪጅ ከወጣ ጀምሮ ሰዓት እየቆጠረ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመር፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ቀድማችሁ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) መሥራቱን አረጋግጡ። ለአዋቂ 18 ወይም 20 ቁጥር ጥሩ ነው። ማጣሪያ ያለውን የደም መስቀያ አዘጋጁ። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ አተነፋፈስና ኦክስጅን ለኩና ጻፉ። ይህን መነሻ ካልያዛችሁ በኋላ የተለወጠውን አታውቁትም።

ከደሙ ጋር በአንድ መስመር የሚሄደው ኖርማል ሳላይን ብቻ ነው። ግሉኮስ ቀይ ሕዋሶቹን ያያይዛል፣ ያፈርሳልም። ሪንገር ላክቴት ካልሲየም ስላለው ሊያረጋው ይችላል። መድኃኒትም ከረጢቱም ውስጥ ሆነ መስመሩ ውስጥ አይጨመርም።

አራት፦ ደሙን መረከብ

የአንድ ታካሚ ደም ብቻ አምጡ። ከረጢቱን ብርሃን ላይ አንሥታችሁ እዩት። ይንጠባጠባል? የረጋ ነገር አለው? ቀለሙ ጠቁሯል ወይም ወይን ጠጅ መስሏል? የአገልግሎት ጊዜው አልፏል? አንዱም ካለ አትቀበሉ።

ቀይ የደም ሕዋስ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለው የደም ፍሪጅ ይቀመጣል። የዋርዱ የመድኃኒት ፍሪጅ ለዚህ አይሆንም። መስቀል ካልቻላችሁ ወዲያው ለደም ባንኩ መልሱ። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ደግሞ በተቃራኒው ፍሪጅ አይገባም። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ውስጥ እየተወዘወዘ ነው የሚቆየው። በዚያ ሙቀት ባክቴሪያም ይመቸዋል። ስለዚህ ፕላትሌት ተሰቅሎ ትኩሳት ከመጣ «ያጋጥማል» ብላችሁ አትለፉት።

ደም በሙቅ ውኃ ወይም በማይክሮዌቭ አይሞቅም። ሕዋሶቹ ይፈርሳሉ። በፍጥነትና በብዛት የሚሰጥ ከሆነ ለዚሁ የተሠራ ማሞቂያ አለ። ቀስ ብሎ ለሚገባ አንድ ከረጢት ምንም ማሞቅ አያስፈልግም።

አምስት፦ አልጋው ጋ የሚደረገው ማረጋገጫ

ይህ የመጨረሻው በር ነው። ከዚህ በኋላ የሚያስቆም የለም።

ሁለት ሰዎች ሁኑ። ሁለታችሁም አልጋው ጋ ቁሙ፣ ሁለታችሁም ለየብቻ አንብቡ። አንዱ እያነበበ ሌላው «አዎ፣ አዎ» የሚል ከሆነ ያረጋገጠው አንድ ሰው ነው። ጠረጴዛ ላይ ወረቀትን ከወረቀት ጋር ማመሳሰልም ማረጋገጫ አይደለም። ወረቀቱ ሁልጊዜ ከወረቀቱ ጋር ይስማማል። መስማማት ያለበት ከሰውዬው ጋር ነው።

«እገሌ ነዎት አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጆሯቸው የደከመ አዛውንት፣ ትኩሳት ያለበት ሰው፣ ሐኪም የሚፈራ ሰው ለሁሉም ጥያቄ ራሱን ይነቀንቃል። በአንድ ወቅት የተሳሳተ ስም ጠርቼ «አቤት» ያሉኝ አባት ነበሩ። በኋላ ስጠይቃቸው «የጠራሽኝ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉኝ። ስለዚህ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» በሉ። መናገር የማይችል ከሆነ እጁ ላይ ያለውን መለያ አንብቡ፣ አስታማሚውንም ጠይቁ። መለያ ካልታሰረለት ደም አይሰቀልም። መጀመሪያ ይታሰር።

ከዚያ በጣታችሁ እየነካችሁ አስተያዩ። የእጁ መለያ ላይ ያለው ስምና የካርድ ቁጥር ከረጢቱ ላይ ከታሰረው ወረቀት ጋር፣ የከረጢቱ ቁጥር ከወረቀቱ ቁጥር ጋር፣ የታካሚው የደም ዓይነት ከከረጢቱ ጋር። ቁጥሩን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንብቡ። ስማቸው እስከ አያት ድረስ አንድ የሆነ ሁለት ታካሚዎች ጎን ለጎን ተኝተው አይቻለሁ። የሚለዩት በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ነበር።

ስለ ዓይነቱ አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ሕዋስ ከሆነ ኦ ለሁሉም ይሆናል፣ ኤቢ ያለው ከሁሉም ይቀበላል። ፕላዝማ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ለሁሉም የሚሆነው የኤቢ ፕላዝማ ነው፣ የኦ ፕላዝማ ግን ለኦ ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው። በችኮላ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አርኤች ኔጌቲቭ ለሆነች (አርኤች የሚባለው ፕሮቲን ቀይ ሕዋሷ ላይ ለሌለ)፣ ገና ልትወልድ ለምትችል ሴት ደግሞ አርኤች ፖዘቲቭ ቀይ ሕዋስ መስጠት ወደፊት የምትፀንሰውን ልጅ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

አንዲት ፊደል ወይም አኃዝ ካልገጠመች ቁሙ። «የጸሐፊ ስህተት ነው» ብላችሁ በብዕር አታርሙ። ደም ባንክ ደውሉ።

ስድስት፦ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች

ደሙን ከፍታችሁ አትሂዱ። ሰውነት ለማይስማማው ደም የሚያሳየው ከባድ ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በጥቂት ሚሊ ሊትር ነውና፣ ቀስ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መስቀያው 20 ጠብታ በሚሊ ሊትር የሚል ከሆነ ይህ በደቂቃ ከ20 እስከ 40 ጠብታ ነው። 15 የሚልም ስላለ ማሸጊያውን አንብቡ።

ታካሚውን እያያችሁ አዋሩት። የምትጠብቋቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ብርድ ብርድ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የወገብ ወይም የደረት ሕመም፣ መርፌው የገባበት ቦታ ላይ ማቃጠል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማሳከክ። አንዳንዱ ታካሚ ምንም አይታይበትም፣ ግን «አንድ ነገር ልሆን ነው፣ ፈራሁ» ይላል። ይህን ቃል እንደ ምልክት ቁጠሩት። ሰመመን ውስጥ ያለ ታካሚ ምንም አይናገርም። እሱ ላይ የምታዩት ያለ ምክንያት የወረደ ግፊት፣ ከቁስሉ ዙሪያ የሚያዥ ደምና የቀላ ሽንት ብቻ ሊሆን ይችላል።

15 ደቂቃ ሲሞላ እንደገና ለኩና ከመነሻው ጋር አስተያዩ። ደህና ከሆነ ፍጥነቱን ጨምሩ። 300 ሚሊ ሊትር በ2 ሰዓት እንዲገባ፣ በ20 ጠብታ መስቀያ በደቂቃ 50 ጠብታ ማለት ነው።

አስታማሚዎች፣ ለእናንተ፦ ጠብታውን አትንኩ። ቶሎ ይለቅ ብሎ መክፈት ሰው ይጎዳል። ታካሚው የተለየ ነገር ካለ ግን «ልረብሻቸው አልፈልግም» አትበሉ። ሮጣችሁ ጥሩን።

ሰባት፦ ፈሳሹ ሲበዛ

ስሙ ብዙ አይነሳም እንጂ ከደም ጋር በተያያዘ ሰው ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ደሙ ትክክለኛ ነው፣ ሰውዬውም ትክክለኛ ነው፣ ግን ልቡ ከሚችለው በላይ ወይም በፍጥነት ገባ። አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ክብደታቸው ትንሽ የሆኑ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ለወራት ደም አንሷቸው የቆዩ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ለእነሱ አንድ ከረጢት ብቻ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት እየተንጠባጠበ፣ አስፈላጊም ከሆነ ሐኪሙ ፉሮሴማይድ (ትርፍ ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) አዞ ይሰጥ። ሳል ከጀመራቸው፣ መተኛት አቅቷቸው ቁጭ ካሉ፣ ግፊቱ ከጨመረ አቁሙና ቀና አድርጋችሁ ደግፏቸው፣ ኦክስጅን ስጡ፣ ሐኪም ጥሩ። ምልክቱ እስከ 12 ሰዓት ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል።

ሌላም የሚመሳሰል አለ። በ6 ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል፣ ግፊቱ ግን ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ይህ ከለጋሹ ፕላዝማ ውስጥ ባለ አንቲቦዲ የሚመጣ የሳንባ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ደም ባንኩ ወዲያው ማወቅ አለበት። ከዚያው ለጋሽ የተዘጋጀ ሌላ ከረጢት ለሌላ ሰው ሊሰቀል እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ስምንት፦ ምላሽ ሲመጣ

አቁሙ። ሐኪም እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ሮለሩን (የመስቀያውን የጠብታ መቆጣጠሪያ) ዝጉ።

ካኑላውን አትንቀሉት። ያ መስመር ሊያድነው ይችላል። ነገር ግን መስቀያውን በሙሉ አውጡና በአዲስ መስቀያ ኖርማል ሳላይን አያይዙ። በዚያው መስቀያ ሳላይን ብትለቁ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ደም ወደ ታካሚው እየገፋችሁ ነው።

ሐኪም ጥሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ የእጁን መለያና ከረጢቱን እንደገና አስተያዩ። ከረጢቱ የሌላ ሰው ሆኖ ከተገኘ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደዚያኛው ሰው አልጋ ሩጡ። የእሱም ደም ተቀያይሮ እየገባለት ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ አንዱ ታካሚ ላይ ሲረባረብ ያኛው ይረሳል።

ሽፍታና ማሳከክ ብቻ ከሆነ፣ ትንፋሹና ግፊቱ ደህና ከሆኑ፣ ሐኪሙ አንቲሂስታሚን (የአለርጂ መድኃኒት) አዞ ሲሻለው ቀስ ተብሎ ሊቀጥል ይችላል። ፊት ካበጠ፣ ጉሮሮ ከተዘጋ፣ ግፊት ከወረደ ግን የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን ነው። ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ጭኑ ውጫዊ ጎን ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ። ትኩሳቱ ከመነሻው በ1 ዲግሪ ጨምሮ 38 ከደረሰም አቁሙና አስመርምሩ። ተራ ትኩሳት፣ የማይስማማ ደምና የተበከለ ደም አጀማመራቸው አንድ ዓይነት ነው።

ከረጢቱን ከነመስቀያው ለደም ባንክ መልሱ። ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። አዲስ የደም ናሙና ከሌላኛው እጅ ቅዱ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ያዙና ቀለሙን እዩ። የደኒ ታካሚ ላይ የታየው ጥቁረት ዛሬም ያው ምልክት ነው። ሰዓቱን፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደገባ፣ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ። የተሳሳተው ባልደረባችሁ ከሆነ ያኔ አትጩኹበት። የተጮኸበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል። እኔም ያን ሌሊት የቱቦዎቹን መቀያየር መናገር የቻልኩት ኃላፊዬ ቁጭ ብላ ስላዳመጠችኝ ነው። በማግስቱ የቱቦ አጻጻፉ ሥርዓት ለዋርዱ ሁሉ ተቀየረ።

ዘጠኝ፦ ደሙ ካለቀ በኋላ

ለኩ፣ ጻፉ፣ የከረጢቱ ቁጥር ቻርቱ ላይ ይቅር። ታካሚው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላም ነገሩ ላያበቃ ይችላል። ከ3 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ ቀድሞ የሚያውቀውን ባዕድ ሕዋስ አስታውሶ ቀስ በቀስ ሊያፈርሰው ይችላል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ካተኮሰው ወይም ድካሙ ከተመለሰ እንዲመጣና «ደም ወስጄ ነበር» እንዲል ከመውጣቱ በፊት ንገሩት።

ላብራቶሪው አንቲቦዲ ካገኘበት የአንቲቦዲውን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለታካሚው ስጡት። አንቲቦዲው ከዓመታት በኋላ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። ያኔ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ለሌላ ነርስ የሚነግራት ያቺ ወረቀት ብቻ ናት። ከመታወቂያው ጋር አድርጎ እንዲይዛት ንገሩት።